የነገሌን መንገዶች ስለካ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት በኅዳር ወር አንድ ማክሰኞ ማለዳ ነው። ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የከተማ ፕላን በሚነድፍ መሥሪያ ቤት በቀያሽነት ተቀጥሬ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የታዘዝኩት ሥራ ለሰሚው እንግዳ ነው፤ ነገሌ ቦረና ወርጄ፣ ከከተማዋ መሬት ስንት እጁን መንገድ እንደያዘው ለክቼ እንድመለስ ነበር።

አለቃዬ አቶ ወርቁ ከመሄዴ በፊት ጠርተው አስቀመጡኝ።

«ከተማ ማለት ቤትና መንገድ ነው» አሉኝ። «መንገዱ ካነሰ ሰው ይተፋፈጋል፤ እሳት ቢነሳ እንኳ የሚያጠፋ አይገባም። ከበዛ ደግሞ ቤት የሚሠራበት ሰው እያለ መሬቱ አቧራ ይተኛበታል። የነገሌው ሹም መሬታችን በመንገድ እየባከነ ነው ብለው ጽፈውልናል። ሂድና እውነት መሆኑን እይ። ባዶውን ባዶ፣ መንገዱን መንገድ ብለህ አምጣልኝ።»

ቀላል ነገር መሰለኝ። ማዕዘን መለኪያውን ቴዎዶላይት ከነሣጥኑ ጭኔ ላይ አቅፌ፣ የመለኪያውን ሰንሰለት በጆንያ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ወደ ቦሬ ሽቅብ

ሻሸመኔ አድሬ፣ ከአዋሳ በኋላ ጨውና የቤት ክዳን ቆርቆሮ የጫነ መኪና ላይ ከሾፌሩ አጠገብ ቦታ አገኘሁ። ሾፌሩ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ የሚናገረው ከመኪናው ጋር ብቻ ነው። ዳገት ሲመጣ «በይ እንግዲህ» ይላታል፤ ቁልቁለት ሲመጣ «ቀስ» ይላታል።

ሀገረ ሰላምን አልፈን ወደ ቦሬ ስንወጣ ጉም ዋጠን። ከመንገዱ ዳርና ዳር የቆመው ቀርከሃ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ከጉሙ ውስጥ ፈረስ የተቀመጠ ሰው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ብቅ ይልና፣ ሰላምታ ሳንለዋወጥ ይሰወራል። የመኪናው ድምፅ ራሱ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። ነቅቼ ይሁን ተኝቼ ሳላውቅ ቦሬ ደረስን። እዚያ በስሙኒ ትኩስ ቆጮ በጎመን በልቼ፣ ጣቶቼን በሻይ ብርጭቆ ሳሞቅ ሾፌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረኝ።

«ይህን ብርድ ጠግበህ ተሸከም» አለኝ። «ነገሌ ስትደርስ ይናፍቅሃል።»

ወደራ ላይ አንድ ቀትር

ከክብረ መንግሥት በኋላ መሬቱ ቀይ እየሆነ፣ ሰማዩም እየሰፋ ሄደ። የጽድ ደኑ አልቆ ግራር ሊጀምር ሲል ወደራ የምትባል ትንሽ ከተማ ገባን። መኪናው ባሌስትራ ሰብሮ ስለነበር ቀትሩን እዚያው ዋልን። ሥራ ፈትቼ ከምቀመጥ ብዬ፣ የወደራን ዋና መንገድ በእርምጃዬ ልለካ ተነሳሁ። ከየት እንደሚጀምር ግን ማወቅ አልቻልኩም። ጨው ዘርግታ የተቀመጠች አንዲት ሴት ጠየቅኩ።

«እህቴ፣ መንገዱ የት ድረስ ነው?»

ቀና ብላ አየችኝ። አማርኛዋ በኦሮምኛ ቅላጼ የተሞላ ነበር።

«ዛሬ ገበያ ነው፤ መንገድ የለም። ነገ ና፤ መንገዱ ይመጣል» አለችኝ።

ሾፌሩ ሲጠራኝ እየሳቅኩ ሄድኩ። ማስታወሻዬ ላይ ግን «ወደራ፦ አንድ መንገድ፣ ወርዱ ያልተወሰነ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጉዞ በሙቀት ውስጥ የታለመ ሕልም ይመስለኛል። ከሰው ቁመት በላይ የቆሙ ቀያይ ኩይሳዎች፣ ከግራር ጫፍ ቅጠል የሚቀነጥሱ ግመሎች፣ መሬቱን ሳይነካ እንደ ውኃ የሚንቀጠቀጥ አድማስ። ዓይኔን በከፈትኩ ቁጥር መንገዱ ያው ቀጥ ያለ፣ ያው ቀይ ነበር።

ነገሌ

ነገሌን በመጀመሪያ ያየኋት በስፋቷ ነው። ቤቶቿ ጥቂት፣ ጎዳናዎቿ ግን እንደ ሜዳ የተዘረጉ። በአንዱ መንገድ ላይ ቆሜ ከወዲያ ማዶ ያለውን ሱቅ ስመለከት፣ ባለሱቁ ከሙቀቱ የተነሳ ሲቀጥንና ሲረዝም ይታየኝ ነበር። ከጦር ሰፈሩ የመለከት ድምፅ ይመጣል። የወታደሮቹ ሚስቶች ከቧንቧው ዘንድ ተሰብስበው ሲያወሩ የጎጃሙንም፣ የወሎውንም፣ የሐረሩንም አነጋገር በአንድ ቦታ ትሰማለህ። ወተት ይዘው የሚመጡት የቦረና ሴቶች በመካከላቸው ሲያልፉ ሁሉም «አካም? ናጋ?» እያሉ ሰላምታ ይለዋወጣሉ።

የከተማው ሹም በአክብሮት ተቀበሉኝ። መስኮታቸውን ከፍተው ወደ ውጭ አመለከቱኝ።

«ተመልከት፤ ይህ ሁሉ ምንድን ነው? አቧራ! የጡረተኛ ወታደር ስም ዝርዝር እዚህ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አገር ጠብቀው የሸበቱ ሰዎች፣ ጎጆ የሚቀልሱባት ቦታ ሲለምኑኝ አፍራለሁ። አንተ መንገዱ ትርፍ ነው ብለህ ጻፍልኝ፤ የቀረውን ለእኔ ተወው።»

ሰንሰለት የሚይዝልኝም ሰው ሰጡኝ፤ ሃምሳ አለቃ ተሰማን። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጢማቸው የነጣ ሰው ናቸው። ተወላጅነታቸው ከላስታ ቢሆንም ነገሌ ከኖሩ አሥራ አምስት ዓመት አልፏቸው፣ ኦሮምኛውን ያንበለብሉታል። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር ቀርቷቸው ነበር። ጡረታ የወጣ ወታደር የጦር ሰፈሩን ቤት ለተተኪው ይለቃል፤ እሳቸውም ከዚያ በኋላ የሚገቡበት ስላልነበራቸው ስማቸው በሹሙ ዝርዝር ውስጥ አለ። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ በመጀመሪያው ቀን፣ የመለኪያውን ዘንግ ተክለው ላባቸውን እየጠረጉ።

ሥራው ደስ ይል ነበር። በማለዳ ጥላው ረጅም ሳለ እንጀምራለን። ሃምሳ አለቃ ቀይና ነጭ የተቀባውን ዘንግ ይዘው እየራቁ፣ እየራቁ ሄደው በሙቀቱ ውስጥ ይቀልጣሉ። እኔ በቴዎዶላይቱ መነጽር ስመለከት ሰማይ ላይ የሚራመዱ ይመስላሉ። እጄን ሳነሳ ይቆማሉ፤ ችካል እንመታለን። ሰንሰለቱ አሸዋው ላይ ሲጎተት የሚያሰማው ድምፅ ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አይጠፋም። ረፋዱ ላይ አየሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሥራችንን እንተዋለን።

ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ምሳ የምበላው እሳቸው ቤት ሆነ። ባለቤታቸው እትዬ ዘርፌ በፍየል ሥጋ የተሠራ ሩዝ ያቀርቡልኛል፤ «ብላ ልጄ፣ የሰው አገር ሙቀት ባዶ ሆድ አይወድም» እያሉ ያጎርሱኛል። ሃምሳ አለቃም «አቶ ግርማ» ማለቱን ትተው «ልጅ ግርማ» አሉኝ፤ እርስዎም አንተ ሆነ።

ባዶው ስፍራ

በጦር ሰፈሩ አጥርና በከተማው ቤቶች መካከል አንድ ሰፊ ስፍራ ነበር። ወርዱ ሰማንያ እርምጃ ይሆናል፤ ርዝመቱ ከሰሜን ቁጥቋጦው እስከ ደቡብ ኩሬው ድረስ ነው። በስድስት ቀን ውስጥ በዚያ ሲያልፍ ያየሁት ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ንፋስ ሲነሳ አቧራው ብቻውን እየተሽከረከረ ከዳር ዳር ይሄድበታል። ይህን ስፍራ መንገድ ነው ብዬ ከቆጠርኩት፣ መንገዱ ከከተማዋ መሬት ወደ ግማሹ የሚጠጋውን ይይዛል። ባዶ ነው ብዬ ካወጣሁት ደግሞ የነገሌ መንገድ አለቃዬ በሚወዱት ልክ ላይ ይመጣል።

«ይህስ?» አልኳቸው ሃምሳ አለቃን።

አጥሩን አዩ፤ ቤቶቹን አዩ። «ያው እንደምታየው ነው» አሉኝ።

በንድፉ ላይ በእርሳስ «ባዶ» ብዬ ጻፍኩ። ሹሙ ሲያዩት ደስ ብሏቸው ትከሻዬን መቱኝ። በዚያው ሳምንት ወሬው ጦር ሰፈሩን አዳረሰው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሃምሳ አለቃና እትዬ ዘርፌ ወደዚያ ስፍራ ወሰዱኝ። እትዬ ዘርፌ ከከተማው በኩል፣ ከኩሬው ብዙ ሳይርቁ ቆሙ።

«እንግዲህ በሩ ወዲህ ይዞራል» አሉ እጃቸውን እየዘረጉ። «መስኮቷን በዚህ አወጣለሁ። እዚህ ላይ ፓፓያ። ልጄ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ከባሌ ጋር በጦር ሰፈር ቤት ስኖር፣ የራሴ ምስማር የመታሁበት ግድግዳ የለኝም።»

ምስማሩን ግድግዳ ላይ እንደሚመቱ ሁሉ በባዶ አየር ላይ በጡጫቸው መታ አደረጉ። ሃምሳ አለቃ ሳቁ፤ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ፀሐይዋ ወደ ግራሮቹ ዘንበል ብላ፣ ያ ሁሉ ቀይ መሬት የወርቅ ቀለም ነበረው። ቤቱ ተሠርቶ ያየሁት መሰለኝ።

ከብቶቹ የመጡ ቀን

እኔ ነገሌ የገባሁት አጭሩ የጥቅምት ዝናብ ባበቃበት ሰሞን ነበር። በየጫካው የታቆረ ውኃ ስለነበር ከብቱ ሁሉ በዚያው ይጠጣል። ይህን አላወቅኩም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ የባዶውን ስፍራ ወርድ ለመጨረሻ ጊዜ ለማረጋገጥ ሰንሰለቱን ከዳር እስከ ዳር ዘርግተን ሳለ ከሰሜን በኩል ቀይ ደመና ተነሳ። ዝናብ መሰለኝ። ከዚያ መሬቱ ከእግሬ በታች ቀስ ብሎ ሲያንጎራጉር ተሰማኝ።

ሃምሳ አለቃ ዘንጉን ነቀሉ። «ሰንሰለቱን መሬት አስተኛው» አሉኝ በዝግታ። «አንተም ወደ አጥሩ ጠጋ በል።»

ከብቶቹ ከአቧራው ውስጥ ወጡ። በመጀመሪያ ቀንዶች ብቻ፣ ከዚያ ነጫጭ ግንባሮች፣ ከዚያ ከዳር እስከ ዳር የሞላ ጀርባ። አይሮጡም፤ አይቆሙምም። ዓይናቸው ግራና ቀኝ አያይም። የኩሬው ሽታ ከፊታቸው ታስሮ የሚስባቸው ይመስል፣ ሁሉም አንገታቸውን ዘርግተው ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። እረኞቹ ጎልማሶች ረጅም ዘንግ ትከሻቸው ላይ አጋድመው ያፏጫሉ፤ ፉጨቱ ረጅምና ለስላሳ ነው። አንዱ መንጋ አልፎ ሌላው ይመጣል፤ ሌላው አልፎ ሌላ። ሰንሰለቴ ከሰኮናቸው በታች ጠፋ። ያ ሰማንያ እርምጃ ስፋት፣ አቧራ ብቻ ይዞርበት የነበረው፣ አንድ ሰው እንኳ ጣልቃ የሚገባበት ክፍተት አልነበረውም። እኔ በአጥሩ ተደግፌ ጊዜውን ረሳሁት። ፀሐይዋ አቧራው ውስጥ እንደ መዳብ ሳህን ተንጠልጥላ ነበር፤ ወንዝ ዳር ቆሜ ውኃውን የማይ ይመስለኝ ነበር።

ከመንጋዎቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ወደ እኛ መጡ። ራሳቸው ላይ ነጭ ሻሽ ጠምጥመዋል። ሃምሳ አለቃን ያውቋቸዋል።

«ናጋ?»

«ናጋ» ብለው ሃምሳ አለቃ እጃቸውን ጨበጡና ወደ እኔ ዞሩ። «አባ ጎዳና ይባላሉ። ከብቶቹ የሳቸውና የዘመዶቻቸው ናቸው።»

በስማቸው ተገርሜ ፈገግ ስል ሽማግሌው ምክንያቱን ጠየቁ። በእኛ ቋንቋ ጎዳና መንገድ ማለት እንደሆነ ሃምሳ አለቃ ነገሯቸው። አባ ጎዳና ሳቁ፤ በኦሮምኛ ግን ቃሉ ከቦታ ቦታ ከመዛወር ጋር የተያያዘ ነው፤ ስሙ የወጣላቸው ቤተሰቡ አገር ለውጦ ሲጓዝ በመወለዳቸው ነው። ከዚያ ችካሎቹን አዩ። መሬት ላይ የተዘረጋውን ወረቀቴን አዩ። ምን እንደምሠራ ጠየቁ፤ ሃምሳ አለቃም መለሱላቸው። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ተናገሩ። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ እጃቸው ግን ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከደቡብ ወደ እኔ ተመላለሰ።

«ምን አሉ?» አልኩ።

ሃምሳ አለቃ ጢማቸውን ዳበሱ። «ሥራህ ይቅናህ ይላሉ።»

ሽማግሌው ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ፣ እያንዳንዱን ቃል እየፈለጉ ተናገሩ።

«ሃምሳ አለቃ፣ እኔ ብዙ አልኩ። አንተ ትንሽ አልክ።»

ከብቱ ያልፋል። ሃምሳ አለቃ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ እንደ ተረኛ ወታደር ቀጥ ብለው፣ ፊቴን ሳያዩ፣ ቃል በቃል ተረጎሙልኝ።

«እንዲህ ነው ያሉት። የጫካው ውኃ ደረቀ፤ ከዛሬ ጀምሮ እስከ ዝናብ ድረስ በየሦስት ቀኑ እንመጣለን። ወዲያ የወታደር አጥር ነው፤ ወዲህ ከተማ ነው፤ ሌላ መግቢያ የለንም። የጠማው ከብት መታጠፍ አያውቅም። ቤት ቢቆምበት ቤቱን ይሄድበታል፤ ያን ጊዜ ከሰው እንጣላለን፤ ደም ይመጣል። ይህ ልጅ ባዶ ነው ብሎ ጽፏል አሉኝ። እሱ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ቤቱ ባዶ ነው። ባዶ ነው ብሎ ሌላ ሰው ቢገባበት ምን ይላል?»

ሲጨርሱ ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና «ገላቶማ» ብለው አመሰገኗቸው። ከከብቶቻቸው ጋር ወደ ኩሬው ሄዱ።

«ያውቁ ነበር?» አልኳቸው ሃምሳ አለቃን።

«አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ» አሉ። «አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

አሁን አዩኝ። «ዘርፌ መስኮቷን የምታወጣበትን ስታሳይህ አልሰማህም?»

ዘንጉን አጥሩ ላይ አስደግፈው ወደ ጦር ሰፈሩ ሄዱ።

ሰንሰለቱን ብቻዬን ስጎትት

ከዚያ በኋላ ሃምሳ አለቃ ለሥራ አልመጡም። ሰንሰለቱን አንዱን ጫፍ በችካል እየቸነከርኩ ብቻዬን ለካሁ። በምሥራቅ በኩል፣ ከከተማው በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ከብት የማይሄድበት ተዳፋት አገኘሁ። ለቤት ይሆናል፤ ውኃው ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ በእግር ያስኬዳል። አዲሱን ንድፍ ይዤ ወደ ሹሙ ገባሁ። «ባዶ» የሚለውን አጥፍቼ «የከብት መንገድ» ብዬበታለሁ።

ሹሙ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«በየሦስት ቀኑ፣ ያውም በበጋ ብቻ ለሚያልፍ ከብት» አሉኝ፣ «ዓመቱን ሙሉ የሚኖር ሰውን ከውኃ ታርቅልኛለህ?»

«ጌታዬ፣ እዚያ ቤት ቢቆም ይረገጣል።»

«አንተ ነገ ትሄዳለህ። እነዚያ ሰዎች ውኃ ተሸክመው ዳገት ሲወጡ በዚህ መስኮት የማያቸው እኔ ነኝ።» ከዚያ ደከም ባለ ድምፅ «ያየኸውን ጻፍ፤ አልከለክልህም። እኔ ግን አልፈርምበትም» አሉ።

ክፉ ሰው አልነበሩም። ያሉት ሁሉ ትክክል ነበር፤ እኔን የከበደኝም ይኸው ነው። አባ ጎዳናም ልክ ናቸው፣ ሹሙም ልክ ናቸው፤ መሬቱ ግን አንድ ነው።

በምሄድበት ማለዳ የጭነት መኪናው በጦር ሰፈሩ በር ሲያልፍ እትዬ ዘርፌ ነጠላቸውን አጣፍተው መንገድ ዳር ቆመው አየኋቸው። ሾፌሩን አስቁሜ ወረድኩ።

«ታሟል ብዬ አልዋሽህም» አሉኝ። «አልመጣም ብሎ ነው።»

«እትዬ ዘርፌ፣ እኔ...»

«ተው። ትክክል ሠራህ አልልህም፤ ከሦስት ወር በኋላ የት እንደምገባ አላውቅም።» ወደ ኩሬው በኩል አዩ። «ግን ከብቶቹን እኔም አይቻለሁ። የተጠማ ነገር ያሳዝናል።»

ግንባሬን ሳሙኝና በመጡበት ተመለሱ። ኩይሳዎቹ፣ ግራሮቹ፣ የሚንቀጠቀጠው አድማስ ሁሉ ወደ ኋላ እየፈሰሱ ሄዱ፤ በቦሬ ጉም ውስጥ ስንገባ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ የጉሙ ዝምታ ግን የከብቶቹን ኮቴ አላጠፋልኝም።

አዲስ አበባ

ቅዳሜ ቤቴ ገባሁ፤ ሰኞ አለቃዬ ፊት ቀረብኩ። አቶ ወርቁ መነጽራቸውን አጥልቀው ንድፉን ከዳር እስከ ዳር ፈተሹ።

«ከመሬቱ ግማሽ ሊሆን ምንም ያልቀረው መንገድ ነው ልትለኝ ነው? የትም ከተማ እንዲህ አላየሁም። የሹሙ ፊርማስ የታል?»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ሃምሳ አለቃ ትርጉም፣ ስለ እትዬ ዘርፌ መስኮት። አላቋረጡኝም። ስጨርስ የቀለም ብዕሩን ገፋ አድርገው ሰጡኝ።

«በእርሳስ የተጻፈ ይጠፋል» አሉኝ። «እርግጠኛ ከሆንክ በቀለም ጻፈው።»

በቀለም «መንገድ» ብዬ ጻፍኩ። ከንድፉ ጋር በሚሄደው ደብዳቤ ላይም፣ የምሥራቁ ተዳፋት በቅድሚያ ለጡረተኛ ወታደሮች እንዲሰጥና ቧንቧ እንዲደርሰው የሚል ቃል እንዲገባ ለመንኳቸው። ገባ። ከጥቂት ወራት በኋላ ቦታው መታደሉን ሰማሁ፤ ቧንቧው ግን አልደረሰም።

ያ ጉዞ ያስተማረኝ፣ አንድን መሬት ባዶ ከማለቴ በፊት ለመጠበቅ ነው። ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ከተማ ሁሉ፣ ሰንሰለት ከመዘርጋቴ በፊት በዚህ ማን ያልፋል፣ መቼስ ያልፋል እያልኩ ቆሜ እጠይቃለሁ። ሁለተኛውን ትምህርት ግን ለመናገር ይከብደኛል፤ በቀለም የጻፍኩት እያንዳንዱ መስመር የሆነ ሰው ትከሻ ላይ ማረፉ አይቀርም።

ከጉዞው በኋላ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ከመሥሪያ ቤታችን አጠገብ ባለች ሻይ ቤት አንድ በፈቃድ የመጣ ወታደር ከጎኔ ተቀመጠ። ከነገሌ መምጣቱን ሲነግረኝ ስለ ሃምሳ አለቃ ተሰማ ጠየቅኩት።

«ደህና ናቸው» አለኝ። «ዳገቱ ላይ ቤት ሠርተዋል። ጥሩ ቤት ነው፤ መስኮቱ ሰፊ ነው። አህያ ገዝተው ውኃ ያመላልሳሉ። ግን አንድ ቀያሽ አለ፣ ስሙን ባነሱ ቁጥር ይቆጣሉ።»

«ምን ይላሉ?»

ወታደሩ ሳቀ። «ይምጣና ውኃውን ይቅዳልኝ፣ ከዚያ እንታረቃለን ነው የሚሉት።»

እኔም አብሬው ሳቅኩ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ ወደ ቢሮዬ ተመለስኩና፣ ለአለቃዬ የዓመት ፈቃድ ማመልከቻ ጻፍኩ።